የአያት መሬት በካርታና በግብር መዝገብ፦ የጊምቢቹ ምሳሌ

የአያቱን መሬት ስፍራ ለይቶ ለማወቅ የተነሣ ሰው አስቀድሞ የሚያገላብጠው የግብር መዝገብ ነው። መዝገቡ ግን የተዘጋጀው ለመንግሥት ገቢ መሰብሰቢያ እንጂ ለቤተ ሰብ ታሪክ አልነበረም። ስለዚህ የሚመልሰው «ማን ከፈለ?» የሚለውን ጥያቄ ነው፤ «ማን አረሰ?» ለሚለው መልስ ከሌላ ዘንድ መፈለግ ይገባል።

በሀዲያ ምድር ጊምቢቹን ለሚያጠና ሰው መጀመሪያ የሚያሳስተው የቦታው ስም ነው። አንዱ ጊምቢቹ ከሆሳዕና በስተ ደቡብ ምዕራብ የሚገኘው የሶሮ ከተማ ሲሆን፣ ሌላው ጨፌ ዶንሳ ያለችበት የምሥራቅ ሸዋ ወረዳ ነው። በዘውዱ አገዛዝ የመጨረሻ ዓመታት ሁለቱም በሸዋ ጠቅላይ ግዛት ሥር ስለ ነበሩ፣ «ሸዋ፣ ጊምቢቹ» የሚል ጽሑፍ ያለ አውራጃው ስም ማስረጃ አይሆንም።

ቀጥሎ የሚመረመረው የብሩ ልክ ነው። በ1937 ዓ.ም. በወጣው ዐዋጅ የተለካ መሬት ለም፣ ለም ጠፍና ጠፍ ተብሎ ሲመደብ፣ በአንድ ጋሻ እንደየደረጃው 15፣ 10 እና 5 ብር ግብር፣ በዐሥራት ምትክም 35፣ 30 እና 10 ብር ተወስኖ ነበር። ዐሥራቱ በ1960 ዓ.ም. በእርሻ ገቢ ግብር ተተካ። እንግዲህ የትምህርትና የጤና ግብር ሳይጨመር 25 ብር የተከፈለበት መሬት ግማሽ ጋሻ ለም ሊሆን ይችላል። ስፋቱ በዚህ ይገመታል፤ ስፍራው ግን የሚታወቀው በአዋሳኙ ወንዝ፣ ጋራና መንገድ ነው።

አዋሳኞቹን ከ1:50,000 ካርታ ጋር ማስተያየት የባለሙያው ድርሻ ነው። አንድ ጋሻ በግምት 40 ሄክታር ነው፤ አራት ማዕዘኑ እኩል ቢሆን ጎኑ 632 ሜትር፣ በካርታው ላይም 13 ሚሊ ሜትር ያህል ይሆናል። የቀድሞዎቹ ካርታዎች የተመሠረቱበት የአዲንዳን መነሻ ደግሞ ዛሬ በሳተላይት ከሚገኘው ልኬት 200 ሜትር ያህል ይለያል። ይህም የጋሻው ጎን ሢሶ ገደማ በመሆኑ፣ ልዩነቱን ሳያርም የሚለካ ሰው የአያቱን እርሻ በጎረቤት መሬት ላይ ያሳርፈዋል።

ከዚህ ሁሉ የሚከብደው የስሙ አለመገኘት ነው። እርቦ፣ ሢሶ ወይም እኩል እያካፈለ ያረሰ ጭሰኛ ዐሥራቱን ከምርቱ ቢከፍልም፣ ደረሰኙ ብዙ ጊዜ የሚቆረጠው በባለ ርስቱ ስም ነበር። ስለሆነም ስሙ ከመዝገብ የታጣ አያት በዚያ ምድር አልኖረም ማለት አይቻልም። የእርሱ ምስክሮች የእንሰቱ ጓሮ፣ የመቃብሩ ስፍራና ሽማግሌዎች የሚቈጥሩት የትውልድ ሐረግ ናቸው። የአየር ፎቶግራፍም የቀድሞውን መኖሪያ ከነእንሰቱ ለይቶ ሊያሳይ ይችላል።

የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የታወጀው የገጠር መሬት ዐዋጅ የጭሰኝነትን ሥርዓት አፍርሷል፤ የ1987 ዓ.ም. ሕገ መንግሥትም በአንቀጽ 40 መሬትን የመንግሥትና የሕዝብ አድርጎታል። ስለዚህ ይህ ፍለጋ ባለ ርስት አያደርግም። ነገር ግን መዝገቡ በባለ ርስቱ ስም ብቻ በያዘው ጋሻ ላይ፣ ያረሰውንም ሰው በስሙና በስፍራው ለመጻፍ ያስችላል። የሽማግሌዎቹ ቃል ግን እንደ ካርታ በመዝገብ ቤት ተቀምጦ አይጠብቅም፤ አስቀድሞ ሊሰበሰብ የሚገባው እርሱ ነው።