መንገዱ የማን ነው?

«ባለቤቱን ካልናቁ አጥሩን አይነቀንቁ» ይላል የአገራችን ሰው። የዴልሂ መንግሥት እ.ኤ.አ. በ2016 መባቻ (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታትም በዚሁ አቆጣጠር ናቸው) የአውቶቡሱን መስመር ከመኪናው መስመር የሚለየውን ግንብ ማፍረስ መጀመሩን ስሰማ ትዝ ያለኝ ይኸው ተረት ነበር። ለትምህርት በዚያች ከተማ ሳለሁ በመስመሩ ተመላልሻለሁና ነገሩን እንደ ሩቅ አገር ወሬ ላልፈው አልቻልሁም። ለመሆኑ የዚያ አጥር ባለቤት ማን ነበር? ስለ ምንስ ተናቀ?

የሕንድ ማዕከላዊ መንግሥት በ2006 የከተማ ትራንስፖርት ፖሊሲ አወጣ። ከዋና ዋና አሳቦቹ አንዱ የመንገድ ድልድል ተሽከርካሪን ሳይሆን ሰውን ማዕከል ያድርግ የሚል ነበር። ነገሩ ቀላል ሂሳብ ነው። ስልሳ ሰው የጫነ አውቶቡስና አንድ ሰው የያዘች የቤት መኪና በመንገዱ ላይ እኩል ድርሻ ይኑራቸው ማለት፣ ስልሳውን ሰው እንደ አንድ መቁጠር ነው።

በዚህ መንፈስ ዴልሂ በሚያዝያ 2008 ከአምበድካር ናጋር እስከ ሙልቻንድ 5.8 ኪሎ ሜትር የሚሆን የአውቶቡስ መስመር ከፈተች። አውቶቡሱ የመንገዱን መካከል ያዘ፤ መኪናው ወደ ዳር ተገፋ፤ ብስክሌተኛውና እግረኛውም የየራሳቸውን መተላለፊያ አገኙ። ጩኸቱ ወዲያው ተጀመረ። ባለ መኪኖች በየመስቀለኛ መንገዱ ረጅም ጊዜ ቆመው ሲያማርሩ ጋዜጦችና ቴሌቪዥኖች ብሶታቸውን አስተጋቡላቸው። ጉዳዩ ፍርድ ቤት ደረሰ። የዴልሂ ከፍተኛ ፍርድ ቤት በጥቅምት 2012 አቤቱታውን ውድቅ አድርጎ መስመሩ እንዲቀጥል ፈቀደ። ይሁን እንጂ በችሎት የረታው መስመር በፖለቲካ ተረታ፤ በ2015 እንዲፈርስ ተወሰነ።

ጥፋቱን ሁሉ በባለ መኪኖቹ ላይ መጫን ይቀላል። እኔ ግን ተሳፋሪ ነበርሁና ያየሁትን ልመስክር። ፌርማታው በመንገዱ መካከል ስለ ነበር ወደ እርሱ ለመድረስ በመኪኖች ፊት ማቋረጥ ግድ ነበር። ዕቃ የተሸከመ ሽማግሌ፣ ልጅ የታቀፈች እናት መብራቱን ጠብቀው፣ አንዳንዴም ሳይጠብቁ፣ ሲሮጡ አይቻለሁ። መስመሩ ለልዩ ልዩ አውቶቡሶች ሁሉ ክፍት በመሆኑም አንዱ መንገድ ላይ ሲበላሽ ከኋላው ያለው ሁሉ ተሰልፎ ይቆማል። ዕቅድ አውጪዎቹ ሂሳቡን አሳምረው ሠርተው የተሳፋሪውን እግር ረሱት።

በአንጻሩ አሕመዳባድ በጥቅምት 2009 «ጃንማርግ»፣ ትርጓሜውም «የሕዝብ መንገድ»፣ የተባለውን መስመር ስትከፍት የራሱን አውቶቡሶች መደበችለት፤ የጣቢያውን ወለል ከአውቶቡሱ ወለል ጋር አስተካከለች፤ ትኬቱም ከመሳፈር በፊት የሚቆረጥ ሆነ። ያ መስመር ዛሬም ይሠራል። በታኅሣሥ 2002 ሥራ የጀመረው የዴልሂ ሜትሮም ተመስግኗል። ለምን ቢሉ፣ ለተሳፋሪው ተመችቷል፤ በድልድይ ላይና ከመሬት በታች ስለሚሄድም ባለ መኪናውን ከመንገዱ አላፈናቀለም። የአውቶቡሱ መስመር ግን ከኃይለኛው ላይ ቀምቶ ለደካማው ሰጠ፤ የተሰጠው ደካማም «ይህ የእኔ ነው» ብሎ እንዲቆምለት የሚያደርግ ምቾት አላገኘበትም።

እንግዲህ ከዚህ ታሪክ የምማረው አንድ ነገር ነው። የመንገድ ድልድል የመሐንዲስ ሥራ ብቻ አይደለም፤ የሥልጣን ድልድልም ነው። ፍትሐዊ ዕቅድ ጠላት ማፍራቱ አይቀርም፤ ስለዚህም ወዳጅ ያስፈልገዋል። ወዳጁ የሚገኘው ደግሞ በፖሊሲው መግቢያ ላይ አይደለም፤ በጥላው፣ በመሻገሪያው፣ በሰዓቱ በሚመጣው አውቶቡስ ነው። ለተሳፋሪው ምቾት መጨነቅን እንደ ቅንጦት የሚቆጥር ባለሥልጣን የገዛ አጥሩን ያለ ባለቤት ያስቀራል። የሚነቀንቀው ግን አያጣም።

ልብ ያለው ልብ ይበል።