የሰው ሠራሽ የዓይን ሌንስ ቅየራ

የሰው ሠራሽ የዓይን ሌንስ ቅየራ በዓይን ሞራ ግርዶሽ ቀዶ ሕክምና የተተከለን ሌንስ አውጥቶ በሌላ የመተካት ሕክምና ነው። የመጀመሪያውን ሰው ሠራሽ ሌንስ እንግሊዛዊው ሐኪም ሃሮልድ ሪድሊ በ1942 ዓ.ም. (1949 እ.ኤ.አ.) ለንደን ውስጥ ተከለ።

ቅየራ የሚደረገው ሌንሱ ከቦታው ሲንሸራተት፣ ሲደበዝዝ ወይም ኃይሉ ለዓይኑ ሳይስማማ ሲቀር ነው። ሬቲናውና የዓይን ነርቩ ጤናማ ከሆኑ እይታ አብዛኛውን ጊዜ ይሻሻላል፤ በእነርሱ ላይ የደረሰውን ጉዳት ግን አዲሱ ሌንስ አያስተካክልም።

ሌንሱን የያዘው ስስ ከረጢት ከጊዜ ብዛት ከሌንሱ ጋር ስለሚጣበቅ፣ የዘገየ ቅየራ ይከብዳል። ከረጢቱ ሊቀደድ፣ ሬቲናውም ሊያብጥ ወይም ሊላቀቅ ይችላል። ስለዚህ ችግሩ የሌንሱ ኃይል ብቻ ከሆነ፣ መነጽር ይበቃ እንደሆነ አስቀድሞ ይታያል።