የውፍረት ፍርሃት እንዴት ተሸጠ?

«ላቆም ነበር፤ ግን እወፍራለሁ።»

ይህን አባባል ከአጫሾች አፍ ደጋግሜ ሰምቻለሁ። ሴቱም ወንዱም ይለዋል። የሚገርመኝ ለሳንባውና ለልቡ ያልሰጋ ሰው፣ ቀበቶው በአንድ ቀዳዳ መላላቱ እንዲህ ማስጨነቁ ነው። ለመሆኑ ይህ ፍርሃት ከየት መጣ? ከገዛ ሰውነታችን ብቻ ነውን? ወይስ አስቦና አቅዶ የዘራው ሰው አለ? መልሱን ፍለጋ ወደ ኋላ ስጓዝ ራሴን ያገኘሁት አሜሪካ፣ 1920ዎቹ ውስጥ ነው። (እዚህ የተጠቀሱት ዓመታት፣ በእኛ አቆጣጠር መሆኑ ካልተገለጸ በስተቀር፣ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

በዚያ ዘመን በአሜሪካ ሲጃራ የወንድ ነገር ነበር። ሴት ልጅ መንገድ ላይ ስታጨስ ከታየች ነውር ነው። ለሲጃራ ነጋዴ ደግሞ ይህ ማለት የገበያው ግማሽ በር ተዘግቷል ማለት ነው። ይህ ነገር እንቅልፍ ከነሳቸው ሰዎች አንዱ የአሜሪካን ቶባኮ ኩባንያ ፕሬዚዳንት ጆርጅ ዋሽንግተን ሂል ነበር። ኩባንያው «ላኪ ስትራይክ» የተባለውን ሲጃራ ያመርታል። ሂል ይተርከው እንደነበረው፣ አንድ ቀን በመኪና ሲሄድ አንዲት ወፍራም ሴት ስትበላ ያያል። ወዲያው ደግሞ አንዲት ቀጭን ሴት ሲጃራ ስታጨስ ይመለከታል። ወሬው እውነት ይሁን የነጋዴ ፈጠራ፣ ያስከተለው ነገር ግን እውነት ነው። በ1928 የላኪ ስትራይክ ማስታወቂያ አዲስ መፈክር ይዞ ብቅ አለ፤ ባጭሩ «ጣፋጭ ሲያምርሽ እጅሽን ወደ ላኪ ዘርጊ» የሚል ነበር።

መፈክሩ ጊዜውን ያወቀ ነበር። በዚያው አሥር ዓመት የሴቶች ልብስ አጥሯል፤ ቀጥ ያለና ቀጭን ቁመና የቁንጅና መለኪያ ሆኗል። ሂል ይህን ስሜት ለማራገብ ኤድዋርድ በርኔይስ የተባለ የሕዝብ ግንኙነት ባለሙያ ቀጠረ። በርኔይስ የታዋቂው የሥነ ልቦና ሊቅ የሲግመንድ ፍሮይድ የእኅት ልጅ ነው። ሰውየው ሲጃራውን በቀጥታ አላሞገሰም። ያሞገሰው ቅጥነትን ነው። ስለ ቀጭን ቁመና ውበት የሚመሰክሩ ባለሙያዎችን አሰባሰበ፤ ምግብን በጣፋጭ ሳይሆን በሲጃራ መዝጋት እንደሚሻል የሚናገር ሐኪም ሳይቀር አገኘ። ሰዎች ቅጥነትን ከተመኙ ሲጃራው ራሱን ይሸጣል ማለት ነው።

በርኔይስ በዚህ አላበቃም። መጋቢት 31 ቀን 1929 የፋሲካ ዕለት፣ በኒውዮርክ አምስተኛ ጎዳና ወጣት ሴቶች ሲጃራቸውን እየለኮሱ እንዲያልፉ አደረገ። ሲጃራውም «የነፃነት ችቦ» ተባለ። ስያሜውን የሰጠው ኤ.ኤ. ብሪል የተባለ የሥነ ልቦና ሐኪም ነበር። እንግዲህ አንዱ ሲጃራ በአንድ እጅ ነፃነት፣ በሌላው ቅጥነት ሆኖ ቀረበ። አዙሮ ላየው ግን እንዴት ያለ ነፃነት ነው? ከወንዶች ነውር አምልጣ የወጣችው ሴት፣ መስታወት ፊት የምትቆም ሌላ እስረኛ ሆነች።

በዚህ መሐል ያልተጠበቀ ጠላት ተነሳ። የከረሜላና የጣፋጭ አምራቾች ገበያችንን ሊዘጋብን ነው ብለው ጮኹ፤ እንከሳለን አሉ። የሚያስቀው፣ በሲጃራ ማስታወቂያ ላይ ከተነሱት ጠንካራ ተቃውሞዎች አንዱ የመጣው ከሐኪሞች ሳይሆን ከከረሜላ ነጋዴዎች መሆኑ ነው! በ1930 የአሜሪካ ፌዴራል ንግድ ኮሚሽን ኩባንያው ሲጃራውን ማቅጠኛ አስመስሎ እንዳያቀርብ አገደው። ኩባንያው ግን ዘዴውን ለወጠ እንጂ ሐሳቡን አልተወም። በአዲሶቹ ሥዕሎች ላይ አንዲት ቆንጆ ሴት ትታያለች፤ ከኋላዋ ደግሞ አገጯ ሥር ሥጋ የተደራረበበት ጥላ ቆሟል። «የነገው ጥላሽ ይህ እንዳይሆን» ማለቱ ነው። የማቅጠን ተስፋ ቀርቶ የመወፈር ፍርሃት ተሸጠ።

ከአርባ ዓመት በኋላም ነገሩ አልሞተም። ፊሊፕ ሞሪስ በ1968 ለሴቶች ብቻ ያሰበውን ሲጃራ ሲያወጣ «ቨርጂኒያ ስሊምስ» አለው። ስሊም ቀጭን ማለት ነው። መጠቅለያው ላይ «ያቀጥናል» የሚል ቃል መጻፍ አላስፈለገም፤ ስሙ ራሱ ይናገራል። ሲጃራውም ከሌላው ቀጠን ያለ ነበር። የሲጃራ ማስታወቂያ ከአሜሪካ ቴሌቪዥንና ሬዲዮ በተከለከለበት ዋዜማ፣ ጥር 1 ቀን 1971 እኩለ ሌሊት ሊሞላ አንድ ደቂቃ ሲቀረው የተላለፈው የመጨረሻው የቴሌቪዥን ማስታወቂያም የዚሁ ሲጃራ ነበር።

ሆኖም «ሁሉም ውሸት ነበር» ብዬ ብደመድም አንባቢን ማታለል ይሆንብኛል። ነጋዴዎቹ ፍርሃቱን የገነቡት በአንዲት ፍሬ እውነት ላይ ነው። ኒኮቲን የምግብ ፍላጎትን ይቀንሳል፤ ሰውነት ኃይል የሚያቃጥልበትንም ፍጥነት ይጨምራል። በ2011 የየል ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ኒኮቲን አንጎል ውስጥ የጥጋብን ስሜት የሚቆጣጠሩ ሕዋሳትን እንደሚቀሰቅስ በአይጦች ላይ አሳይተዋል። ስለዚህ ሰው ሲጃራ ሲያቆም የምግብ ፍላጎቱ ይከፈታል፤ ምላሱና አፍንጫው ጣዕምና ሽታ መለየት ይጀምራሉ፤ ሲጃራ የለመደ እጅም ሌላ ነገር ይፈልጋል። ከረሜላው፣ ብስኩቱና ቆሎው የሚመጡት በዚህ በኩል ነው።

ስንት ኪሎ ይጨምራል? በ2012 በእንግሊዝ የሕክምና መጽሔት የታተመ፣ 62 ጥናቶችን የመረመረ ሥራ እንዲህ ይላል፤ ያለ መድኃኒት ሲጃራ ያቆሙ ሰዎች በዓመት ውስጥ በአማካይ 4.7 ኪሎ ጨምረዋል። አብዛኛው የሚጨመረው በመጀመሪያዎቹ ሦስት ወራት ነው። ነገር ግን አማካይ ብዙ ይደብቃል። ከመቶው 16 ያህሉ በተቃራኒው ቀንሰዋል፤ ከ10 ኪሎ በላይ የጨመሩት ደግሞ 13 ያህል ናቸው። እንግዲህ በማስታወቂያው ሥዕል ላይ የቆመው ያ አስፈሪ ጥላ፣ ለአብዛኛው ሰው ሲለካ ከአምስት ኪሎ አይበልጥም።

እዚህ ላይ የራሳችንን ነገር ሳላነሳ አላልፍም። በእኛ አገር «ወፈርክ እኮ፤ ተመችቶሃል!» የሚለው ሰላምታ ሙገሳ ነበር። እናቶቻችን የልጃቸውን መክሳት እንጂ መወፈር አይፈሩም። ዛሬ ከተሜው ይህንኑ ቃል ሲሰማ ፊቱን ያጨማድዳል። ጊዜው ተለውጧል፤ ስኳርና የደም ግፊትም መጥተዋልና ጥንቃቄው አይጠላም። በእኛ አቆጣጠር በ2011 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 1112 የትምባሆ ማስታወቂያን ከልክሏል። ሆኖም ፍርሃቱ ማስታወቂያ አይፈልግም፤ ከሰው ወደ ሰው ይተላለፋል። «ላቆም ነበር፤ ግን» ያለው ሰው፣ ሳያውቀው የሂልን መፈክር በአማርኛ መድገሙ ነው።

ለመሆኑ ያ አምስት ኪሎ ሲጃራ ማቆምን ትርፍ አልባ ያደርገዋልን? በ2018 በኒው ኢንግላንድ የሕክምና መጽሔት የወጣ ሰፊ ጥናት ይህንን ጠይቆ ነበር። አቁመው ክብደት የጨመሩ ሰዎች ለጥቂት ዓመታት በስኳር በሽታ የመያዝ ዕድላቸው ከፍ ብሎ ታይቷል፤ ይህ መደበቅ የለበትም። ይሁን እንጂ ቢወፍሩም ባይወፍሩም ማጨሳቸውን ከቀጠሉት ይልቅ የመሞት አደጋቸው ቀንሷል። ኪሎውን በአንድ ሚዛን፣ ዕድሜውን በሌላ ብናስቀምጥ የትኛው እንደሚያጋድል ግልጽ ነው።

ከሁሉ የመሰጠኝ ግን በ2001 የታተመ የፒትስበርግ ዩኒቨርሲቲ ጥናት ነው። መወፈርን የሚፈሩ 219 አጫሽ ሴቶች በሦስት ተከፈሉ። ሁሉም ማቆሚያ ምክር አገኙ። የአንደኛው ቡድን አባላት በተጨማሪ ክብደት መቆጣጠሪያ ተሰጣቸው፤ የሌላው ደግሞ ፍርሃቱን እንዲቀንሱ፣ ትንሽ ኪሎ ቢጨምሩ ዓለም እንደማይደረመስ እንዲቀበሉ ተረዱ። ከዓመት በኋላ ሳያጨሱ የቆዩት ከመቶ ምን ያህል ነበሩ? ምክር ብቻ ካገኙት 9፤ ምግባቸውን ከተቆጣጠሩት 13፤ ፍርሃታቸውን ከታከሙት 21። ክብደትም ቢሆን ብዙ ያልጨመሩት እነዚሁ ፍርሃታቸውን የታከሙት ነበሩ።

ይህ ውጤት ለእኔ የዚያ ሁሉ ታሪክ መቋጫ ነው። በ1928 የተሸጠው ሲጃራ ብቻ አልነበረም፤ ፍርሃትም ተሸጧል። ስለዚህ ለማቆም የቆረጠ ሰው በዚያው ሳምንት ራሱን በረሃብ አይቅጣ። አንዱን ጦርነት ይጨርስ፤ ሌላው ይደርሳል። በእግሩ ይሂድ፤ እጁ ሲናፍቅ ከከረሜላ ይልቅ ውኃ ወይም ካሮት ያንሳ፤ ሐኪም ካገኘም የኒኮቲን ማስቲካ ክብደቱን ለጊዜው ሊያዘገየው እንደሚችል ይጠይቅ። ቀበቶው አንድ ቀዳዳ ቢላላም ይላላ። ቀበቶ ይቀየራል፤ ሳንባ ግን መለዋወጫ የለውም።