ላይ ቤትና ታች ቤት፦ በጎንደር ትርጓሜ ላይ እጅ የማግባት ሥልጣን

አንድምታ ባለቤት የለውም። የግእዙን መጽሐፍ በአማርኛ የሚፈታው ይህ ትርጓሜ ከመምህር ወደ ደቀ መዝሙር ሲወርድ ብዙ ሊቃውንት ነክተውታል፤ «የኔ ነው» ያለ ግን የለም። ብዙ ሰው በሚሠራው ሥራ ላይ ማን ይጨምራል፣ ማንስ ያርማል? ዛሬ የክፍት ምንጭ ሶፍትዌር ሠሪዎች የሚጨቃጨቁበት ይህ ጥያቄ ለጎንደር ጉባኤ ቤቶች አዲስ አልነበረም።

መልሳቸው ወንበር ነበር። ተማሪው ለዓመታት ይሰማል፣ ከጓደኞቹ ጋር ይቀጽላል፣ ማለትም የሰማውን ይከልሳል። ከብሉያት፣ ከሐዲሳት፣ ከሊቃውንት ወይም ከመነኮሳት መጻሕፍት አንዱን ሲያደላድል መምህሩ መርቆ ያሰናብተዋል፤ እሱም በተራው ወንበር ዘርግቶ ያስተምራል። እስከዚያ ድረስ አፉ የሚናገረው የመምህሩን ቃል ብቻ ነው። የአንድ ትርጓሜ ክብደት የሚለካውም «ከማን ሰማኸው?» በሚለው ነው። አንድምታን ያጠናው እንግሊዛዊው ሮጀር ካውሊ የመምህራኑን የስም ሐረግ አጥብቆ የመዘገበው ያለ ምክንያት አይደለም፤ የማስተማር ፈቃዱ ማስረጃ ሐረጉ ነውና።

አለመስማማትም መንገድ ነበረው። «አንድም» ተብሎ ሌላ ፍች ይጨመራል፣ የቀደመው አይሰረዝም። ይህ ልማድ ስንቱን ጠብ እንዳበረደ መገመት አያዳግትም። ሆኖም መጨመር ብቻ የሚፈቀድበት ሥራ፣ ከሥሩ ላርም ለሚል ሰው ይጠብበታል።

መምህር ኤስድሮስ ያ ሰው ይመስላል። የሊቃውንቱ ትውፊት እንደሚለው በዘመነ ጎንደር የቆየውን ትርጓሜ መርምሮ አሻሻለው። እሱን የተከተሉት ታች ቤት፣ በቀድሞው የጸኑት ላይ ቤት ተባሉ። የቅባትና የተዋሕዶ የሃይማኖት ክርክር በነገሥታቱ ፊት በጉባኤ ሲዳኝ፣ የሁለቱን ቤቶች ጉዳይ የቆረጡት ግን፣ በእኔ ግምት፣ ተማሪዎቹ ናቸው፤ እግራቸው ወደ ታች ቤት አዘነበለ።

የሶፍትዌሩ ዓለም ተመሳሳይ ታሪክ አለው። እ.ኤ.አ. በ1997 የጂሲሲ ኮምፓይለር አስተዳደር ለውጥ አላስገባ ያላቸው ሠሪዎች የኮዱን ቅጂ ይዘው ኢጂሲኤስ በሚል ስም ለብቻቸው ወጡ፤ በ1999 ተገንጣዩ ራሱ ይፋዊው ጂሲሲ ሆነ። ታች ቤትም ከቅርንጫፍነት ወደ ግንድነት የተሻገረው እንዲህ ነው፤ ልዩነቱ በጎንደር አዋጅ አለመነገሩ ነው።

ጎንደር ከተማ ራሷ በ1859 ዓ.ም. በአፄ ቴዎድሮስ፣ በ1880 ዓ.ም. ደግሞ በሱዳን መሐዲስቶች ተቃጠለች። አብያተ ክርስቲያናት ከነመጻሕፍታቸው ሲነዱ ትርጓሜው አልጠፋም፤ በየሀገሩ ወንበር የዘረጉ መምህራን በቃላቸው ይዘውታል።

የወንበሩን ሥርዓት ይበልጥ የለወጠው ከእሳቱ ይልቅ ማተሚያ ቤት ነው። በ1916 ዓ.ም. የወንጌል ትርጓሜ አዲስ አበባ ላይ ታተመ፤ በ1948 ዓ.ም. ሊቀ ሊቃውንት መሐሪ ትርፌ ያዘጋጁት የጳውሎስ መልእክታት ትርጓሜ ወጣ። የትኛው «አንድም» ይግባ፣ የትኛው ይቅር የሚለው ውሳኔ ከብዙ ወንበሮች ወጥቶ በአዘጋጁ እጅ ገባ። በአብዛኛው የታተመው የታች ቤት ትምህርት ነው። ላይ ቤት ያን ዕድል ብዙም ስላላገኘ ዕድሜው በያዙት በጣት የሚቆጠሩ መምህራን ዕድሜና በተማሪዎቻቸው ብዛት ተወሰነ።