ከሞራው በኋላ

በደብረ ታቦር ዙሪያ ያደገ ሰው ወረንጦን ያውቃል፤ ትራኮማ የቀለበሰው ሽፋሽፍት የሚነቀልበት፣ ጎረቤት ከጎረቤት የሚዋዋሰው ትንሽ ብረት ነው። የአያቴን ብርሃን የነጠቃት ግን ሞራ ነበር። ሞራው በቀዶ ሕክምና ወጣላት፤ የልጅ ልጆቿን ፊት አየች፤ ከወራት በኋላ ዓይኗ ዳግመኛ ጉም ለበሰ። «ሞራው ተመለሰ» አልን። ተሳስተን ነበር፤ የወጣ ሞራ አይመለስም። የታመመው ብሌኑ ነው፤ ያ ጥርት ያለው የዓይን መስኮት። ከብሌኑ ጀርባ ውሃውን እያስወጣ ጥራቱን የሚጠብቀው የሕዋስ ንጣፍ አንድ ረድፍ ብቻ ነው፤ በቀዶ ሕክምና ብዙው ከሞተ አይተካም፤ ብሌኑም ውሃ ቋጥሮ ይደፈርሳል።

ጉዳቱ ለእኛ አገር ብቻ የተጻፈ አይደለም። እንግሊዛዊው ሃሮልድ ሪድሊ እ.ኤ.አ. በ1949 ሰው ሠራሽ ሌንስ ከተከለ በኋላ፣ በ1950ዎቹ ከዓይን የፊት ክፍል የገቡ ሌንሶች ስንቱን ብሌን አጥፍተዋል። መፍትሔው የሌላ ሰው ብሌን ነው። ኤድዋርድ ዚርም ዛሬ ቼክ በምትባለው አገር በ1905 ተክሎ ተሳክቶለታል። የኢትዮጵያ ዓይን ባንክ የተቋቋመው በ2003 ነው፤ ዘጠና ስምንት ዓመት ዘግይቶ! ፕሬዚዳንት ግርማ ወልደ ጊዮርጊስ ብሌናቸውን ለመለገስ ቃል ከገቡት አንዱ ነበሩ።

ይህን ሁሉ ለአያቴ ነገርኋት። ዝም ብላ ሰማችኝና፦

«ባለቤቱስ በሰማይ በምን ሊያይ ነው?» አለች።

እኔም ቃል የገባሁበትን ወረቀት ከኪሴ ሳላወጣ ተነሣሁ።