ከኮቲቻ ወደ ቬርቲሶል፦ የቀለም ቋንቋን ማስተማር የማን ድርሻ ነው?

መግቢያ

በጊንጪ አካባቢ ያደገ የገበሬ ልጅ ኮቲቻን ያውቀዋል። ጥቁሩ አፈር በክረምት ውሃ ቋጥሮ እንደሚያብጥ፣ በበጋ ደርቆ እንደሚሰነጣጠቅ ከማሳው ተምሯል። ሁለተኛ ደረጃ ሲገባ ይኸው አፈር ‹ቬርቲሶል› ተብሎ፣ የሸክላ ይዘት፣ መለጠጥና መኮማተር በሚሉ ጽንሰ ሐሳቦች ተሸፍኖ፣ ያውም በእንግሊዝኛ ሊቀርብለት ይችላል። ተማሪው ነገሩን ያውቃል፤ የቸገረው የሚያውቀውን የሚገልጽበት የመማሪያ መጽሐፍ አነጋገር ነው። ይህን አነጋገር የቀለም ቋንቋ እንበለው። የዚህ መጣጥፍ ክርክር የቀለም ቋንቋን ማስተማር የእንግሊዝኛ መምህሩ ብቻ ሳይሆን የእያንዳንዱ ትምህርት መምህር ሥራ ነው የሚል ነው።

ጽንሰ ሐሳቡ

ጂም ከሚንስ በ1979 እ.ኤ.አ. የዕለት ተዕለት መግባቢያን ከቀለም ቋንቋ ለይቶ አሳየ። በእርሱ ትንታኔ መሠረት አዲስ ቋንቋ የሚማሩ ልጆች ለመግባባት ሁለት ዓመት ገደማ ሲበቃቸው፣ የቀለም ቋንቋውን ለመልመድ ከ5 እስከ 7 ዓመት ይፈጅባቸዋል። በአፍ መፍቻ ቋንቋ የዳበረ የቀለም ችሎታም ወደ ሁለተኛው ቋንቋ ይሻገራል። በእንግሊዝ አገር በ1975 እ.ኤ.አ. የወጣው የቡሎክ ሪፖርት ደግሞ እያንዳንዱ ትምህርት ቤት ሁሉንም የትምህርት ዓይነቶች የሚያካትት የቋንቋ መመሪያ እንዲኖረው መክሮ ነበር።

የምዕራብ ሸዋ ሁኔታ

ከ1986 ዓ.ም. የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ ወዲህ በአምቦ፣ በጉደር፣ በጌዶና በባኮ የአንደኛ ደረጃ ትምህርት በአፋን ኦሮሞ እስከ 8ኛ ክፍል ሲሰጥ ቆይቷል፤ ከ9ኛ ክፍል ጀምሮ ማስተማሪያው እንግሊዝኛ ነው። ከሚንስ የተናገረለት ልጅ ቋንቋውን በመንገድም በሱቅም የሚሰማ ነው። የአምቦ ተማሪ ግን ከክፍል ሲወጣ የሚጠብቀው አፋን ኦሮሞና አማርኛ ነው። ለዚህ ተማሪ የሁለተኛ ደረጃ አራት ዓመት መንገዱን ለመጨረስ አይበቃውም።

መፍትሔው እንግሊዝኛን ቀደም አድርጎ ማስተማሪያ ማድረግ ይመስላል። ሆኖም ካትሊን ሂዩና ባልደረቦቿ ለትምህርት ሚኒስቴር አጥንተው በ1999 ዓ.ም. ያቀረቡት ጥናት፣ እስከ 8ኛ ክፍል በአፍ መፍቻ ቋንቋቸው የተማሩ ተማሪዎች የተሻለ ውጤት እንዳላቸው አሳይቷል። በ1997 ዓ.ም. ገደማ የገባው የፕላዝማ ትምህርትም እንግሊዝኛውን በቴሌቪዥን አቀረበ እንጂ፣ ተማሪው ያልገባውን ጠይቆ ማስደገም አልቻለም።

በ12ኛ ክፍል አገር አቀፍ ፈተና 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት በ2014 ዓ.ም. 3.3፣ በ2015 ዓ.ም. 3.2፣ በ2016 ዓ.ም. 5.4 በመቶ ነበሩ። ቋንቋ ብቻውን ይህን ውጤት አያብራራም። ነገር ግን ጥያቄው በእንግሊዝኛ እስከቀረበ ድረስ የፊዚክስ ፈተና የንባብ ፈተናም ነው።

ከክፍሉ ውስጥ

እንቅፋቱ ከባዕድ ቃል ብቻ አይመጣም። ‹ሆጂ› በአፋን ኦሮሞ ሥራ ማለት ነው፤ ግንድ ተሸክሞ የቆመ ሰው ላቡ ቢንጠፈጠፍም፣ ግንዱ ካልተንቀሳቀሰ በፊዚክስ ሕግ በላዩ ላይ ሥራ አልሠራም። ‹ፕሮዳክት› ለሒሳብ መምህር ብዜት፣ ለኬሚስትሪ መምህር የአጸግብሮት ውጤት፣ ለኢኮኖሚክስ መምህር ምርት ነው። ይህን ልዩነት የእንግሊዝኛ መምህሩ ሊደርስበት አይችልም፤ የየትምህርቱ ባለቤት ግን በአምስት ደቂቃ ያስረዳዋል።

ስለዚህ መምህሩ የምዕራፉን ቁልፍ ቃላት አስቀድሞ ይለይ። ተማሪዎች የአምቦ ማዕድን ውሃ ለምን እንደሚፈላ በመጀመሪያ በአፋን ኦሮሞ ይከራከሩ፤ ቀጥሎ ‹ግፊቱ ሲቀንስ ጋዙ ይወጣል› የሚለውን ምክንያትና ውጤት በእንግሊዝኛ ይጻፉ። ‹አብራራ›፣ ‹አነጻጽር›፣ ‹ዘርዝር› የሚሉ ትእዛዞች ምን ዓይነት መልስ እንደሚሹም በምሳሌ ይለማመዱ። መሠረቱ ግን ከ9ኛ ክፍል በፊት ይጣላል፤ በአፋን ኦሮሞ ምክንያት አስደግፎ መጻፍ ያልለመደ ተማሪ በእንግሊዝኛ ድንገት ሊጽፍ አይችልም።

ማጠቃለያ

በ1939 ዓ.ም. በእርሻ ትምህርት ቤትነት ሥራ የጀመረው አምቦ ዩኒቨርሲቲ የገበሬውን ቃልና የሳይንሱን ቃል አጎራብቶ ለማጥናት ቅርብ ተቋም ነው። የአካባቢውን ቃላት ከመማሪያ መጻሕፍት ቃላት ጋር የሚያዛምድ መዝገበ ቃላት ቢያዘጋጅና ለየትምህርቱ መምህራን የቋንቋ ሥልጠና ቢሰጥ፣ ኮቲቻን የሚያውቀው ልጅ ቬርቲሶልን ለማወቅ እንደ አዲስ መጀመር አይኖርበትም።