ጥቁርና ነጭ ምንጣፍ በሳሎናችን



ባለፈው ስብሰባችን ለእንግዳ መቀበያ ክፍላችን ምንጣፍ ለመምረጥ ተቀምጠን ነበር። ቶሎ የሚያልቅ ጉዳይ መስሎን ነበር፤ ግን አመሸንበት። የቀረቡልን ምንጣፎች ሁለት ናቸው። አንደኛው ከውጭ የመጣ፣ ቀይ አበባ ያለበት የፋብሪካ ምንጣፍ ነው። ሁለተኛው ቀለም ካልነካው የበግ ጸጉር በእጅ የተሠራ ጥቁርና ነጭ ምንጣፍ ነው። ሁለተኛውን ወለሉ ላይ ስንዘረጋው አንዲት እናታችን ብድግ አሉና «ልጆቼ፣ ጥቁር እንኳ በቅቶናል» አሉ። ከመካከላችን ለመመለስ የደፈረ አልነበረም።

እናታችን ያሉትን ሁላችንም እናውቀዋለን። በጥቅምት 2016 ዓ.ም. በትግራይ የሦስት ቀን ሐዘን ታውጆ የልጆቻችን መርዶ ሲነገር፣ በየቤታችን ሶፋው ወጥቶ፣ ምንጣፉ ተጠቅልሎ፣ ፍራሽ ተነጥፎ ነበር። ከመካከላችን ጥቁር ልብሷን እስከ ዛሬ ያላወለቀች አለች። ሆኖም ስብሰባው ከተበተነ በኋላ አንድ ጥያቄ አብሮን ወደ ቤት ሄደ፤ ጥቁር ቀለም ወደ ቤታችን የገባው በሐዘን በር ብቻ ነው ወይ? ታላላቆቻችንን ጠይቀን፣ ያነበብነውንም አስታውሰን ይህን ጽፈናል።

በደጋው አገራችን ቤት ውስጥ የሚነጠፈው ነገር ጥንት ከከብትና ከበግ የሚገኝ ነበር። በድንጋይ ግንብና በአፈር ጣሪያ በሚሠራው የትግራይ ህድሞ ውስጥ መቀመጫውም መኝታውም መደብ ነው። በመደቡ ላይ የበሬ ቁርበት ይነጠፋል፤ ለእንግዳ፣ ለአራስና ለሽማግሌ ደግሞ ጸጉሩ ያልተነካ የበግ ቆዳ፣ ማለትም አጎዛ፣ ይጨመራል። አጎዛው ነጭ፣ ጥቁር፣ ቡናማ ወይም ዝንጉርጉር የሚሆነው በጉ እንደነበረው ነው። ቀለሙን የመረጠ ሰው የለም። ጥቁር አጎዛ የተነጠፈለት እንግዳ ሐዘን ተነጠፈልኝ አይልም፤ ሞቀኝ ብሎ ያመሰግናል እንጂ።

ስጋጃ የመጣው በሌላ መንገድ ነው። ቃሉ ራሱ ዐረቦች ለመስገጃ ምንጣፍ ከሚሉት ስም የተወሰደ ሲሆን፣ ከእኛው «ሰገደ» ጋር ሥሩ አንድ ነው። በቀይ ባሕር ወደቦች በኩል በነጋዴ እየተጫነ የሚገባው ስጋጃ በቤተ መንግሥት፣ በመኳንንት ቤትና በቤተ ክርስቲያን ይነጠፍ ነበር። ጣሊያናዊው ጃኮሞ ናሬቲ ለዐፄ ዮሐንስ 4ኛ በ1870ዎቹ ዓ.ም. የሠራው የመቐለው ቤተ መንግሥት ዛሬም በከተማችን ቆሟል። በዚያ ዘመን ምንጣፍ የማዕረግ ምልክት ነበር፤ በባለ ስጋጃውና በባለ ቁርበቱ መካከል የነበረው ልዩነት ወለሉ ላይ ይታይ ነበር።

ከሁለቱ ሌላ ደግሞ የአገር ሱፍ አለ። የሱፍ ነገር ሲነሣ መንዝን መዝለል አይቻልም። የመንዝ በግ ትንሽ፣ ላቷ ወፍራም፣ ጸጉሯ ሻካራና ረጅም ነው፤ ብርዱን የምትችለውም በዚያ ጸጉር ነው። ብዙውን ጊዜ ጥቁር፣ ቡናማ ወይም ነጭ ናት፤ ጥቁር ሆና ራሷና እግሯ ላይ ነጭ ያለባትም አለች። ጸጉሯ ተሸልቶ፣ ታጥቦ፣ ተባዝቶ በእንዝርት ይፈተላል። የሚፈትሉት ሴቶች፣ የሚሸምኑት ወንዶች ነበሩ። ከዚያ ባና ይወጣል፤ በርኖስም ይወጣል።

በተለይ በርኖስ ለጥያቄያችን መልስ ይሰጣል። በርኖስ ጥቁር የሱፍ ካባ ነው፤ ባላባትና መኳንንት ከነጭ ሸማ በላይ ይደርቡት ነበር። በነጩ ላይ ጥቁር የደረበ ሰው ሲመጣ የሚያየው ሁሉ ብድግ ይላል እንጂ «ማን ሞተብህ?» ብሎ አይጠይቅም። በሌላ በኩል ደግሞ ማቅ አለ፤ ሻካራ የሱፍ ልብስ ነው፣ «ማቅ ለበሰ» ማለትም ሐዘን ተቀመጠ ማለት ነው። አንዱ የበግ ጸጉር ክብርም ሆነ ሐዘንም ሆነ። ልዩነቱን ያመጣው ሰው ለምን እንደለበሰው ነው። እናታችን አልተሳሳቱም፤ ግን ያሉት ከታሪኩ ግማሹን ነው።

ጥቁርና ነጭ ምንጣፍ ሲባል መነሣት ያለበት ሌላም ታሪክ አለ፤ እሱ አያኮራንም። ጉሬዛን የማያውቅ የለም፤ ሰውነቱ ጥቁር ሆኖ በጎንና ጎኑ ረጅም ነጭ ጸጉር የሚወርድለት የጫካ ጦጣ ነው። ግልገሉ ሲወለድ ሙሉ በሙሉ ነጭ ነው። ጀርመናዊው ኤድዋርድ ሩፔል እ.ኤ.አ. በ1835 ለሳይንሱ ዓለም ሲያስተዋውቀው የእኛኑ ስም ወስዶለታል፤ ዛሬም በሳይንሳዊ ስሙ ውስጥ «ጉሬዛ» አለ። ከዚያ በኋላ ቆዳው በአውሮፓ የሴቶች ፋሽን ሆነ። በእኛም አገር በንጉሡ ዘመን ብዙ የጉሬዛ ቆዳ አንድ ላይ ተሰፍቶ ምንጣፍና የግድግዳ ጌጥ እየሆነ ለውጭ አገር ሰው ይሸጥ ነበር። ለአንድ ሳሎን ጌጥ ስንት ነፍስ እንደጠፋ አስቡት። ኢትዮጵያ በ1981 ዓ.ም. የዱር እንስሳትን ንግድ የሚቆጣጠረውን ዓለም አቀፍ ስምምነት የተቀላቀለች ሲሆን፣ ጉሬዛም ንግዱ ቁጥጥር ከሚደረግበት ዝርዝር ውስጥ ይገኛል። ስለዚህ ማንም «የጥንት ነው» ብሎ የጉሬዛ ቆዳ ቢያቀርብልን አንገዛም። በግ ግን ተሸልታ ወደ መስኳ ትመለሳለች፤ ጸጉሯም መልሶ ይበቅላል።

ከታሪኩ ወደ ሳሎናችን እንመለስ። የእጅ ሥራ ምንጣፍ ለመግዛት ወይም ሠርታ ለመሸጥ ለምታስብ እኅት ከልምዳችን የምንላት ይህን ነው።

መጀመሪያ ሱፍ መሆኑን አረጋግጪ። ከጠርዙ አንድ ክር መዝዘሽ በክብሪት ለኩሺው። ሱፍ ከሆነ እንደ ጸጉር ይሸታል፤ በጣት ሲነካ የሚፈርስ አመድ ይሆናል። ቀልጦ እንደ ዶቃ ከደረቀ ፕላስቲክ ነው። ይህ ለቡና ቤታችን ትልቅ ነገር ነው፤ ከምድጃ ፍም ቢፈናጠር ሱፍ ቶሎ አይቀጣጠልም፣ ፕላስቲኩ ግን ወዲያው ይቀልጣል።

ቀጥሎ ጥቁሩ የበጓ የራሷ መሆኑን እዪ። ነጭ ጨርቅ አርጥበሽ ጥቁሩን እሺው። ጨርቁ ከጠቆረ ቀለም የተነከረ ነው፤ በመጀመሪያው እጥበት ነጩን ያበላሸዋል። የተፈጥሮ ጥቁር አይለቅም፤ ብዙ ፀሐይ ካገኘው ግን ወደ ቡናማ ያደላልና ከመስኮት ፊት ለፊት አታንጥፊው።

መቐለ አቧራ አይጠፋባትም። ሙሉ ነጭ ምንጣፍ በየሳምንቱ ያደክምሻል፤ ሙሉ ጥቁር ደግሞ ብናኙንና የጋቢ ክሩን ሁሉ ያሳያል። ሁለቱ የተቀላቀሉበት ይሻላል። ክፍልሽ ጠባብ ከሆነ ነጩ የሚበዛበትን ምረጪ፤ ክፍሉን ብሩህ ያደርገዋል። የሶፋው የፊት እግሮች ምንጣፉ ላይ ይረፉ፤ መሀል ላይ ብቻውን የተጣለ ትንሽ ምንጣፍ ክፍሉን ይበልጥ ያሳንሰዋል። መጋረጃሽና የሶፋሽ ልብስ አበባ ከበዛበት ምንጣፉ ቀለል ያለ ጥለት ይኑረው። እርጥብ ቄጠማ በቀጥታ ሱፍ ላይ አትጎዝጉዢ፤ ነጩን ያወይበዋል። መሀል ላይ ሰሌን ይግባ። ብል እንዳይበላውም አልፎ አልፎ አራግፈሽ ፀሐይ አስመቺው።

አሁን ስለ ዋጋ ለደጋፊዎቻችን አንድ ቃል። የእጅ ምንጣፍ ከፋብሪካው ይወደዳል፤ አንደብቅም። ሱፉ የሚመጣው ከደብረ ብርሃንና ከመንዝ ወገን ነው፤ መንገዱ በጦርነቱ ጊዜ ተዘግቶብን የኖረው የአዲስ አበባ መንገድ ነው። መሸለቱ፣ ማጠቡ፣ መፍተሉ፣ መሥራቱ በየደረጃው የሰው እጅ አለበት። ድሮ የሴቷ ፈትል እንደ ሥራ አይቆጠርም ነበር፤ የሚነገርለት ሸማኔው ነበር። እኛ የምንፈልገው ከዋጋው ላይ የፈታይዋም ድርሻ እንዲቆጠር ነው። ገዝታችሁን ስትመርቁን ደስ ይለናል፤ ግን «ማን ፈተለው?» ብላችሁ ብትጠይቁን ይበልጥ ደስ ይለናል።

የእኛው የክፍል ምንጣፍ ጉዳይ ያለቀው በሁለተኛው ስብሰባ ነው። ከላይ የጻፍነውን በቡና ላይ አነበብነው። እናታችን ዝም ብለው ሰሙና ስለ በርኖሱ ስንደርስ «አባቴ ነበረው፤ እኔ ነበርኩ የማራግፍለት» አሉ። ከዚያ ድምፅ ሲሰጥ እጃቸውን አወጡ፤ ግን ሐሳብ ጨመሩ፤ መሀሉ ነጭ ይሁን፣ ጥቁሩ በዳር በዳሩ ይዙር አሉ። እንደዚያው አዘዝን። ሲደርስ ኑና ቡና እንጠጣበት፤ ጫማ ግን በር ላይ ይወልቃል።